ያቺ ማስነጠስ የኔ ናት

የምነግራችሁ ሁሉ እውነት ነው። አንዲት ቃል ከጨመርኩ ምላሴ ይተሳሰር። «እናቴ ትሙት» ብዬ እንዳልምል እናቴ ቀድማኝ ሄዳለች፤ «አባቴን» እንዳልል እሱም ሳይቆይ ተከትሏታል። ስለዚህ የምምለው በራሴ ነው፤ እኔን ደግሞ የሚያውቀኝ ያውቀኛል። ዋሽታለች የሚል ካለ ይምጣና ፊት ለፊት ይናገረኝ። እስከ ዛሬ የመጣ የለም።

ዘፈኑን ታውቁታላችሁ። አናውቀውም ካላችሁ ታክሲ ተሳፍራችሁ፣ ጠጉር ተስተካክላችሁ፣ ሰርግ ተጠርታችሁ አታውቁም ማለት ነው። መሀሉ ላይ ሙዚቃው ጭጭ ይላል። ዘፋኙ ትንፋሹን ይሰበስባል። አዝማቹ ሊገባ ሲል «እንጥሽ!» የምትል ማስነጠስ ትሰማለች። ይሄኔ የሰማ ሁሉ፣ ሹፌር ቢሉ ተሳፋሪ፣ ሙሽራ ቢሉ ሚዜ፣ ባንድ አፍ «ይማርሽ!» ይላል። «ይማርህ!» የሚሉም አሉ፤ አንድ ጊዜ በዚህ ነገር ታክሲ ውስጥ ሁለት ሰዎች ሊደባደቡ ሲሉ ደርሼ ገላግያለሁ። «ሴት ናት!» አልኳቸው። «አንቺ በምን አወቅሽ?» አሉኝ። በምን አወቅሽ ይሉኛል!

ያቺ ማስነጠስ የኔ ናት።

ልብ ብላችሁ ካዳመጣችሁ ጫፏ ላይ ቀጭን ፉጨት አለች። የፊት ጥርሴ ወልቆ ስለነበር በዚያ በኩል የወጣች ናት። እንግዲህ ይቺን የመሰለ ማስረጃ ከየት ይመጣል? ስለዚህ በሄድኩበት ሁሉ ዘፈኑ ሲሰማና ሰው «ይማርሽ!» ሲል፣ እኔ ድምፄን ከፍ አድርጌ «ያኑራችሁ!» እላለሁ። የማያውቀኝ ዞሮ ያየኛል። ይየኝ! በዚህ ዓለም ላይ የኔን ያህል ይማርሽ የተባለ ሰው የለም፤ ጤንነቴም ከዚያ የመጣ ነው።

ቤታችን ፊት ለፊቱ ሙዚቃ ቤት፣ ጓሮው እኛ ነበርን። ሙዚቃ ቤቱ የአባዬ ነው። ያንን የሚያህል ሙዚቃ ቤት በምድር ላይ አልነበረም። መደርደሪያው ከወለል እስከ ጣራ ካሴት ነው፤ አባዬ መሰላል ላይ ወጥቶ የላይኛውን ሲያወርድ ከደመና ውስጥ እጁን ሰዶ የሚያወጣ ይመስለኝ ነበር። የአዲስ ካሴት ፕላስቲክ ሲላጥ የሚሸተውን ሽታ እስከ ዛሬ ከሽቶ አላሳንሰውም። በቅርቡ በዚያ በኩል ሳልፍ ገባ ብዬ አየሁት። አሁን የስልክ ሽፋን ይሸጥበታል። እጄን ግራና ቀኝ ብዘረጋ ሁለቱን ግድግዳ ነካሁት። ግድግዳ በዕድሜ ብዛት እየተጠጋጋ ሳይሄድ አይቀርም።

የእናቴ ታናሽ ወንድም በያጅ ነበር። በርና መስኮት ይበይዳል፤ ሲበይድ ይዘፍናል። ፊቱን በዚያ ጥቁር የብየዳ ጭንብል ሸፍኖ፣ ብልጭታው እየተረጨ፣ ከጭንብሉ ሥር የሚወጣው ድምፅ መንገደኛ ያቆም ነበር። ሰዉ «ጉሮሮ» ነው የሚለው። ሲስመኝ የተቃጠለ ብረት ይሸተኛል። አባዬ አንድ ቀን «የዚህን ልጅ ድምፅ በካሴት አወጣለሁ» አለ። እማዬ ግን እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ተነሳች። ድስት እያጠበች፣ እኔ ከጠረጴዛው ሥር ሆኜ የሰማሁት ይሄ ነው፦

«አንተ ልጅ፣ የያዝከውን ሙያ ይዘህ ብትቀመጥ ምን አለበት?»

«እትዬ፣ ይቺን አንድ ካሴት ብቻ።»

«ካልሄደልህስ?»

«ካልሄደልኝ ይሄን ጉሮሮዬን እዚያው ብየዳ ቤት በይጄ እዘጋዋለሁ። ሁለተኛ ስዘፍን አትሰሚኝም። ማልኩልሽ።»

አባዬ ደግሞ ከበሩ ላይ ሆኖ፣ «እኔም የሱቁን በር አብሬ እዘጋለሁ። ያለኝን ሁሉ በዚህ ካሴት ላይ ነው ያዋልኩት» አለ።

የሱቁ በር ብዙም አላስጨነቀኝም። ጉሮሮው ግን! ጭንብሉን አጥልቆ፣ መስታወት ፊት ቆሞ፣ ያንን ሰማያዊ እሳት አንገቱ ላይ ሲያስጠጋ ታየኝ። በኋላስ ምግቡ በየት ሊገባ ነው? ማንንም አልጠየቅኩም። እንደዚያ ያለ ነገር ሲወራ ሰምተሽ ነበር እንዳልባል ዝም አልኩ። በልቤ ግን ይህ ካሴት መሄድ አለበት ብዬ ወሰንኩ። ሌሎቹ ሁሉ የዘፈኑት፣ የቀዱት፣ የሸጡት ነው፤ የወሰንኩት እኔ ነኝ።

ዘፈኑ የተቀዳው እኛ መኝታ ቤት፣ እሑድ ከምሳ በኋላ ነው። አባዬ ግድግዳውን በሙሉ ብርድ ልብስ አለበሰው። ፍራሹን አንስቶ መስኮቱ ላይ ገተረው። ፍሪጁን ነቀለ፣ የሚንጠባጠበውን ቧንቧ በጨርቅ አነቀው፣ የግድግዳውን ሰዓት አውጥቶ ለጎረቤት በአደራ ሰጠ። እኔንም ከሰዓቱ ጋር ሊያስወጣኝ ፈልጎ ነበር፤ ቀድሜው ቁም ሳጥን ውስጥ ገባሁ። ከኮቶቹ መሀል ተቀመጥኩ። ጨለማ ነው፣ ይሞቃል፣ ለብል የተቀመጠው ነፍታሌን አፍንጫ ይበሳል። በበሩ ስንጥቅ የአጎቴን ጉልበትና የማይክሮፎኑን እግር አያለሁ።

ዘፈነ። እንዴት እንደዘፈነ አልነግራችሁም፤ ታውቁታላችሁ። ያቺ ጸጥ የምትልበት ቦታ ላይ ሲደርስ፣ ዓለም በሙሉ ትንፋሹን ሲይዝ፣ ያ ነፍታሌን አፍንጫዬን ኮረኮረኝ። እንጥሽ!

ማንም ዞር አላለም። አባዬ ሲጨርስ የጆሮ ማዳመጫውን አወለቀና «ንጹሕ! እንደ ምንጭ ውሃ!» ብሎ ጮኸ። እንዴት አልሰሙሽም የሚል ተጠራጣሪ አይጠፋም። በሰው ድምፅ ፈዘው ነበራ! ቤቱ ቢናድ የሚሰማ አልነበረም። ከዚያ በኋላ የማስታውሰው እማዬ ከኮቶቹ መሀል አውጥታ ተሸክማኝ ስትሄድ ነው፤ ጉንጬ ላይ የኮት ቁልፍ ታትሞበት ነበር። ታሪክ መሥራት ያደክማል።

በማግስቱ አጎቴ በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር ለጓደኛው ለታክሲ ሹፌሩ ሲያቀብል አየሁ። «ካንተ ጆሮ እንዳይወጣ! አደራ!» አለው። ሹፌሩ ጆሮውን እያሻሸ ሳቀ። ሰውየው ጆሮውን ታሞ አጎቴ መድኃኒት ያመጣለት መሰለኝና በጣም አዘንኩለት። እንደውም በሌላ ቀን ሳገኘው «ጆሮዎ ተሻለዎት?» ብዬ ጠየቅኩት። «በጣም ተሽሎኛል፣ የኔ ቆንጆ» አለኝ። ጥቅሉ ካሴቱ እንደነበረ የገባኝ እኔ ራሴ ልጅ ከወለድኩ በኋላ ነው። አጎቴ መኩራራት አላስቻለውም። ይህ የቤተሰብ በሽታ ከሱ ላይ ቀርቷል፤ ወደኔ አልተላለፈም።

አሁን ደግሞ ጠላታችንን ላስተዋውቃችሁ። ከሱቃችን ትይዩ፣ ከአናጢው ቤት ጋር ግድግዳ የተጋራች የቆርቆሮ ኪዮስክ ነበረች። የኪዮስኳ ባለቤት ስሙ ግልባጭ ነው። እናቱ ያወጣችለትን ስም የሚያውቅ የለም። የማንንም ካሴት ገልብጦ ይሸጣል። ሽፋኑን በፎቶ ኮፒ ስለሚያባዛው የዘፋኞቹ ፊት ሁሉ ከሰል መስሎ ጥርስ ብቻ ይቀራል። ዓይኑ ዘወትር ደም የለበሰ ነው፤ መሀረብ ከእጁ አይለይም፤ አፍንጫውን ሲጠርግ፣ ዓይኑን ሲያብስ ነው የሚውለው። ኃጢአቱ እያስለቀሰው ነው ብዬ አምን ነበር። ማታ ስጸልይ «አሁንም አብዝተህ አስለቅሰው» እል ነበር።

አናጢው ለምሳ ሲወጣ መጋዙ ዝም ይላል። ግልባጭ ሥራውን የሚጀምረው ያኔ ነው። ሁለት ቴፖች እንደ ሐሜተኛ አፍ ለአፍ ያገጥማል፤ አንዱ ይናገራል፣ ሌላው ይሰማል። ከላይ አሮጌ ካፖርት ይደፋባቸዋል። እሱ ጎን ቁጭ ብሎ፣ ሰው ሲመጣ ጣቱን ከንፈሩ ላይ አድርጎ «እሽሽ!» ይላል። ሽቦ የለ፣ ገመድ የለ። እኔ አስማት ነው ባይ ነበርኩ።

አባዬ ካሴቱን ሳያወጣ ሽፋኑ እስኪታተም ይጠብቅ ነበር። ባለቀለም፣ የሚያብረቀርቅ፣ «ኦሪጅናል» የሚል ማኅተም ያለበት። ማተሚያ ቤቱ ዛሬ ነገ ሲል፣ አንድ ቀን እኔና አባዬ በራፋችን ላይ ሻይ እየጠጣን ሳለ ከማዶ አጎቴ ሲዘፍን ሰማን። አጎቴ ግን አጠገባችን ቆሞ ነበር፤ አፉም ዝግ ነው።

አባዬ ብርጭቆውን አስቀምጦ ተነሳ። «ሰረቁት!» አለ። «የልጁን ድምፅ ሰረቁት!»

ሮጬ ባትሪ አመጣሁ። «አጎቴ፣ አፍህን ክፈት!» አልኩት። ደንግጦ ከፈተ። እስከ እንጥሉ አየሁት። ሁሉም ነገር እቦታው ነበር።

አባዬ መንገዱን ተሻግሮ ኪዮስኩ ላይ ደረሰ። እኔም ከኋላው።

«አንተ ሌባ! ይሄ የኔ ነው!»

«ያንተማ እዚያው መደርደሪያህ ላይ ተቀምጦልሃል» አለ ግልባጭ አፍንጫውን እየጠረገ። «ምን ጎደለብህ?»

«ላባችን ነዋ! የልጁ ጉሮሮ!»

«የኔ ወገብስ? ሳጎነብስ ስውል እንደ ጥያቄ ምልክት የሆንኩት በምን መሰለህ?»

ካሴት ሊገዛ የቆመው ጸጉር አስተካካይ ጣልቃ ገባ። «ጋሼ፣ አይቆጡ። የእርስዎ ሽፋን እስኪደርቅ ስንጠብቅ እናርጅ? ዘፈኑ ዛሬ አማረን፣ ዛሬ ገዛን።»

«ሌብነት ነው የገዛኸው!»

«እኔማ ዘፈን ነው የገዛሁት። ሌብነቱን ከሱ ጋር ይጨርሱ።»

አባዬ ዞሮ ወደ ሱቁ ተመለሰ። ያን ጊዜ ጸጉር አስተካካዩ ላይ ምላሴን አውጥቼበታለሁ፤ ዛሬ ሳስበው ግን ግማሽ እውነት ነበረው። ሰው ለአንጸባራቂ ሽፋን ብሎ አንድ ወር አይጠብቅም። እኔ ራሴ አልጠብቅም።

በመጨረሻ ኦሪጅናሉ ወጣ። የመጀመሪያዋ ገዢ ከማዕዘኑ ላይ ያለችው ልብስ ሰፊ ናት። ጠዋት ገዝታ ሄደች፣ ከሰዓት በኋላ መለኪያ ሜትሯን አንገቷ ላይ እንዳንጠለጠለች ተመለሰች። ካሴቱን ባንኮኒው ላይ ጣል አደረገችው።

«እንዲህ አይደረግም፣ ጎረቤት ነን!» አለች። «ፎርጅድ ነው የሸጥክልኝ።»

«ፎርጅድ? እኔ?»

«ማስነጠሷ የታለች? ሦስቴ አጥንቼ ሰማሁት፤ የለችም። ግልባጭ ጋ ያለው ላይ አለች። ትክክለኛው የሱ ነው።»

«የምን ማስነጠስ?» አለ አባዬ።

ከሷ በኋላ አንዱ ወጥቶ ሌላው ገባ። ኦሪጅናል የገዛ ሁሉ መለሰ። «ልጆቼ ይማርሽ ሊሉ አፋቸውን ከፍተው ቀሩ» ያለ አለ። «ዘፈኑ ልቡ ወጥቷል» ያለች አለች። አባዬ ማኅተሙን ያሳያቸዋል፣ እነሱ ጆሯቸውን ያሳዩታል። የወደዱት ከነጉድፉ ነው፤ ያለ ጉድፉ ሲያገኙት አላወቁትም።

የዚያን ቀን አባዬ ለመጀመሪያ ጊዜ በሕይወቱ ከግልባጭ ካሴት ገዛ። እኔን ልኮ ነው የገዛው። ባንኮኒው ላይ ከፍቶ እማዬና አጎቴ እያሉ አዳመጠ። ድምፁ ከጉድጓድ የሚወጣ ይመስላል። ጸጥታው መጣ። እንጥሽ!

«ማናት እሷ?» አለ አባዬ።

«እኔ ነኝ!» አልኩ። «ቁም ሳጥን ውስጥ ሆኜ!»

ተያዩ። እማዬ ሳቋን በመሀረቧ ያዘችው። አባዬ እኔን፣ ከዚያ ከማዶ ያለችውን ኪዮስክ፣ ከዚያ እንደገና እኔን አየ። «እሺ፣ አንቺ ነሽ» አለኝ ቀስ ብሎ። ኦሪጅናሉ ላይ ለምን እንደሌለች ልነግራችሁ እችላለሁ፤ አባዬ ቀደም ሲል በምላጭ ቆርጦ አውጥቷት፣ ይህን ጉዱን ለማንም ሳይናገር ቆይቷል። ሌላ ሊሆን አይችልም።

አጎቴ ግን አልሳቀም። «በቃ፣ አልሄደልኝም» አለ። «ነገ ጠዋት ጭንብሌን ይዤ እገባለሁ።»

ጭንብሉን! ጉሮሮው ሊበየድ ነው! ሮጥኩ። ጭንብሉ ከጓሮ ሚስማር ላይ ተሰቅሎ ነበር። እንደ ድንጋይ ከበደኝ፤ እንደ ተራራ። ጎትቼ ወስጄ የዝናብ ውሃ የሚጠራቀምበት በርሜል ውስጥ ጣልኩት። ቡልቅ ብሎ ሰጠመ። በማግስቱ ቤቱ ሁሉ ሲታመስ እኔ በርሜሉ ላይ ቁጭ ብዬ እግሬን አወዛውዝ ነበር። አጎቴ ያን ቀን ሥራ ሳይገባ ዋለ። አያችሁ? ያን ጭንብል ባልሰውረው ኖሮ የሚቀጥለው ሁሉ አይመጣም ነበር።

ሁሉም ጭንብል ፍለጋ ደክመው ወጥ ቤት ሲቀመጡ እማዬ ተናገረች። «ሰው የወደደውን ስጡት እንጂ ምን ታካብዳላችሁ? ማስነጠስ ከፈለገ ማስነጠስ ይሰጠው።»

አባዬ ጠረጴዛውን መታ። ብርድ ልብሶቹ እንደገና ግድግዳ ላይ ወጡ። እኔን ማይክሮፎኑ ፊት ወንበር ላይ አቆሙኝና «በይ አስነጥሺ» አሉኝ። አስነጠስኩ። ቤቱ ተናወጠ፤ ብርድ ልብሱ ከግድግዳው የተላቀቀ መሰለኝ። አባዬ «እስቲ ድገሚ» አለ። ደገምኩ። ከአጎቴ ጋር ተያዩ። «ጎበዝ! ደርሷል። አሁን ውጪ ሄደሽ ተጫወቺ» አለኝ። ባንድ ቀን ሥራዬን የጨረስኩ አርቲስት ነኝ።

ከዚያ በመስኮት ያየሁትን ስሙኝ። አባዬ አንድ ከረጢት አንጠልጥሎ መንገዱን ተሻገረ። ከረጢቱ ውስጥ መዶሻ እንዳለ አልተጠራጠርኩም። ኪዮስኩ ውስጥ ገብቶ ቆየ። ሲወጣ ግልባጭን ትከሻውን ይዞ ነበር። ያ ሁሉን የሚገለብጥ ሰው አንገቱን ሰብሮ፣ መሀረቡን ጨብጦ፣ በኛ በር ገባ። ማረኩት! ወደ መኝታ ቤት ወሰዱት። በሩ ተዘጋ። የቁልፉ ቀዳዳ በጥጥ ተደፍኖ ነበር፤ ጆሮዬን ለጠፍኩ።

የሰረቀውን ዘፈን ያሰሙታል። አጎቴ ራሱ ፊቱ ቆሞ ይዘፍንለታል። መሀል ላይ ሲደርስ ጸጥ ይላል። ከዚያ አባዬ «ዘገየህ! ድገም!» ብሎ ይጮሃል። እንደገና ከመጀመሪያው። «ቸኮልክ! ድገም!» አቤት ቅጣት! የሰረቁትን ዘፈን እስኪጸጸቱ ማዳመጥ! በሩ ተከፈተና እማዬ ወጣች፤ ከወጥ ቤት የተፈጨ ቁንዶ በርበሬ በማንኪያ ይዛ ተመለሰች። ጠላታችንም ቢሆን በርበሬ ይበዛል አልኩ። ውስጥ ማሳል፣ ማስነጠስ፣ ማቃሰት ሆነ። ከዚያ አባዬ «እሰይ! እሱ ነው! በቃ!» ሲል ሰማሁ።

ግልባጭ ሲወጣ እንባው በጉንጩ ይወርድ ነበር። አባዬ አቅፎታል፤ አጎቴ ጀርባውን እየመታ በሳቅ ይንከተከታል። እማዬ ፊቱን የሚያጥብበት ውሃ ቀዳችለት። ድል አድርጎ ይቅር የሚል ቤተሰብ ብዬ ኮራሁ። ግልባጭ በአጠገቤ ሲያልፍ ቀይ ዓይኑን ጨቆን አድርጎ ራሴን ደባበሰኝ። «ይማርሽ» አለኝ። ያላስነጠስኩትን! አሸናፊውን ማወቁ ነው ብዬ «ያኑርህ» አልኩት ኮራ ብዬ።

ከረጢቱ ውስጥ የነበረው መዶሻ አልነበረም፤ ኦሪጅናል ካሴት ነው። አባዬና ግልባጭ የተስማሙትን ካደግኩ በኋላ አባዬ ነግሮኛል፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ግልባጭ የኛን ካሴት ራሱ በየከተማው ሊያከፋፍል፣ መገልበጡንም ሊያቆም። አባዬ የማያውቀውን የገጠር መንገድ ሁሉ፣ የትኛው ሹፌር በየትኛው ቀን የት እንደሚያድር ግልባጭ ያውቅ ነበር። ልጅ ሳለሁ ግን ያሳመነው በርበሬው መስሎኝ ነበር።

አዲሱ ካሴት ወጣ። ሽፋኑ ላይ ከ«ኦሪጅናል» ሥር በቀይ ቀለም «ከነማስነጠሷ» ተጻፈ። አባዬ ድምፅ ማጉያውን በራፍ ላይ አወጣው። ያን ቀን የመጣውን ሕዝብ ብነግራችሁ አታምኑኝም፤ መንገዱ ተዘጋ፣ ታክሲ ቆመ፣ ጣራ ላይ ሰው ወጣ። ልብስ ሰፊዋ መኪናዋን ትታ መጣች። ጸጉር አስተካካዩ ደንበኛውን ግማሽ ጢም እንደላጨው ጥሎ ሮጠ፤ ደንበኛውም ፎጣው አንገቱ ላይ እንዳለ ተከተለው። አባዬ ትከሻው ላይ አወጣኝ። ዘፈኑ ጀመረ። ጸጥታው መጣ።

እንጥሽ!

«ይማርሽ!» አለ ያ ሁሉ ሕዝብ።

«ያኑራችሁ!» አልኩ እኔ ከላይ፣ ሁለት እጄን ዘርግቼ። ጭብጨባው ቆርቆሮውን አንቀጠቀጠው። አጎቴ ከሥሬ ቆሞ እንባና ሳቅ አንድ ላይ ተቀላቅሎበት ነበር። ጉሮሮው ተረፈ። የሱቁም በር ተረፈ። ጭንብሉን ያገኙት በበጋ በርሜሉ ሲደርቅ ነው፤ ዝጎ ነበር። አጎቴም ከዚያ በኋላ ብየዳ የነካው የኛን የግቢ በር ሲጠግን ብቻ ነው፤ ያንንም እየዘፈነ።

አሁን ወደ ባለፈው ቅዳሜ ልምጣ። የአጎቴን ዘፈኖች አንድ ድርጅት በስልክ እንዲደመጡ አዲስ አድርጎ አውጥቷቸው ነበር። ድምፁን የሚያጸዳው ኮምፒውተር ያቺን ማስነጠስ ጉድፍ ናት ብሎ አጠፋት። አይ ልጆች! በአንድ ሳምንት ውስጥ አድማጩ ሁሉ «ይማርሽ የት ሄደች?» ብሎ ጻፈ። ሰዉ ንጹሑን ትቶ ከአሮጌ ካሴት የተገለበጠውን ከማንም ከማንም ያዳምጥ ጀመር። ድርጅቱ ተሸንፎ መለሳት። እኔ ስንት ጊዜ ነው የማሸንፈው?

ለዚህ ድል አጎቴን የሚያከብር ግብዣ በትልቅ አዳራሽ ተደረገ። ከድርጅቱ የመጣው ወጣት ከኛ ጠረጴዛ ተቀመጠ። ይህን ታሪክ ለሱም ከሥር ከመሠረቱ ነገርኩት። ሲስቅ መነጽሩ ወለቀ።

«እንግዲህ ስሜ ዘፈኑ ላይ ይግባ» አልኩት። «ግጥም የሱ፣ ዜማ የሱ፣ ማስነጠስ የኔ።»

«እትዬ፣ ደስ ይለናል» አለኝ። «ግን እንዲያው ለወጉ፣ የሚመሰክርልዎት ሰው ይኖራል?»

«እንዴታ!» አልኩና ጎኔ የተቀመጡትን ሽማግሌ ትከሻቸውን መታ አደረግኩ። ጋሽ ግልባጭ ናቸው፤ አሁን ከዘራ ይዘዋል፣ ዓይናቸው ግን እንደድሮው ቀይ ነው። «ጠላት የነበረ ሰው ይመስክር! ንገሩት፣ ጋሼ።»

ሽማግሌው መሀረባቸውን አጠፉት። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ለኔና ለልጁ ብቻ እንዲሰማ አድርገው ተናገሩ።

«ስሟን ጻፉላት፣ ግድ የለም። ይገባታል፤ ስትጠብቃት ኖራለች» አሉ። «ግን ልጄ፣ አንቺ ያኔ ኮት መሀል እንቅልፍ ወስዶሽ ነበር። አባትሽ ነግሮኛል። እኔ የምቀዳው ሁለት ቴፕ አፍ ለአፍ ገጥሜ አልነበር? የአናጢው ሰጋቱራ ደግሞ አፍንጫዬን አያስቀምጠኝም። መጀመሪያ ከታክሲ ሹፌሩ ካሴት በቀዳሁት ላይ ማስነጠሱ አመለጠኝ፤ ሌላውን ሁሉ የገለበጥኩት ከሱ ነው። ኋላ ለኦሪጅናሉ አባትሽ እኔኑ ወስዶ በበርበሬ አስነጠሰኝ። ወደው አይስቁ…»

ወጣቱ እኔን አየኝ። እኔ አፌን ከፈትኩ። እንደ ዕድል ሆኖ መድረኩ ላይ አጎቴ መዝፈን ጀምሯል። ጸጥታው መጣ። ከድምፅ ማጉያው ያቺ የድሮዋ ማስነጠስ ተሰማች።

«ይማርሽ!» አለ አዳራሹ በሙሉ፣ ቆሞ።

ሽማግሌው ወደ ማንም ሳያዩ፣ ከንፈራቸውን ብቻ አንቀሳቅሰው፣ «ያኑራችሁ» አሉ።